ማስተካከያ፦ «ዋን ፍሉ ኦቨር ዘ ኩኩስ ኔስት» እውነተኛ ታሪክ አይደለም

ሰሞኑን በቴሌግራም ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ፣ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ፊልም በኦሪገን የአእምሮ ሆስፒታል አንጎሉ በቀዶ ሕክምና የተጎዳ የአንድ ታካሚ እውነተኛ ታሪክ ነው ይላል። አይደለም።

የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ማክመርፊ፣ አሜሪካዊው ደራሲ ኬን ኬሲ በ1962 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልብ ወለድ የተፈጠረ ገጸ ባሕርይ ነው። የፊልሙ መግቢያ ራሱ ይህን ይገልጻል፤ በኦስካር መዝገብም የፊልሙ ድርሰት ሽልማቱን ያገኘው ከሌላ ድርሰት ተወስደው በሚጻፉ የፊልም ጽሑፎች ዘርፍ ነው። ኬሲ በአእምሮ ሕሙማን ክፍል በሌሊት ተረኛነት የሠራውም ኦሪገን ሳይሆን ካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ ነው። የቴሌግራሙ ጽሑፍ ፊልሙ አምስቱን ዋና ዋና ኦስካሮች ወስዷል ማለቱ ግን ትክክል ነው።

መደናገሩ አይገርምም። ዳይሬክተሩ ሚሎሽ ፎርማን ፊልሙን የቀረጸው ሳሌም ከተማ፣ በእውነተኛው የኦሪገን ስቴት ሆስፒታል ውስጥ ነው። በፊልሙ ውስጥ ያለውን ሐኪም ዶክተር ስፓይቪን ሆነው የተጫወቱትም የያኔው የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ዲን ብሩክስ ናቸው (ከብዙ ተዋናይ ይሻላሉ!)።

ስህተቱ መዘዝ አለው። የቴሌግራሙን ጽሑፍ ያነበቡ አንዳንዶች በኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ሕክምና «ቅጣት ነው» እያሉ ነው። በፊልሙ ማክመርፊ ሳይደነዝዝ፣ ነቅቶ እያለ ግንባሩ ግራና ቀኝ ቅባት ይቀባል፣ አፉ ውስጥ መንከሻ ይገባል፣ ከዚያ ኤሌክትሪኩ ይለቀቅበታል። ዛሬ ሕክምናው የሚሰጠው በሙሉ ማደንዘዣና ጡንቻ በሚያላላ መድኃኒት ሲሆን፣ በተለይ ለከባድ ድባቴ ይታዘዛል። ከቤተሰቡ ለአንዱ ይህ ሕክምና የታዘዘለት ሰው ፊልሙን ትቶ ሐኪሙን ይጠይቅ።