ማስተካከያ፦ የሕመሙ መቆም ቁስሉ ድኗል ማለት አይደለም

ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ በቴሌግራም ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ፣ ሥር የሰደደ የፊንጢጣ መሰንጠቅ ያለበት ሰው ሕመሙ እንደቆመ ቅባቱንና የሰገራ ማለስለሻውን ማቋረጥ እንደሚችል ይገልጻል፤ ይህ ትክክል አይደለም። የቀዶ ሕክምና መመሪያዎች እንደሚያስረዱት፣ ሕመሙ ቁስሉ ሳይድን ሊቀንስ ስለሚችል የታዘዘው ቅባት አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይቀጥላል። ሕክምናውን ያቋረጠ ሰው ሰገራው ሲደርቅ ቁስሉ እንደገና ሊከፈት ስለሚችል፣ ሳይዘገይ ሐኪሙን ያማክር። ተቅማጥም ቁስሉን ያስቆጣል። በማገገም ወቅት በመጸዳጃ ወረቀት ላይ ጥቂት ደማቅ ቀይ ደም ሊታይ ይችላል፤ ከሰገራ ጋር የተቀላቀለ ወይም የጠቆረ ደም፣ ትኩሳት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ ግን፣ ይህን አበክረን እንናገራለን፣ በቁስሉ ተሳብቦ ሊታለፍ አይገባም፤ አፋጣኝ ምርመራ ያስፈልገዋል።