«ተኝታለች» አሉኝ

የእናቴ ሙት ዓመት ሁለት ቀን ሲቀረው አዲስ አበባ ገባሁ። ያረፍኩት አራት ኪሎ፣ ታላቅ ወንድሜ ቤት ነው። ጠላው ተጠምቋል፣ ድፎው ታዟል፣ ለካህናቱ ተነግሯል። ለእኔ የቀረ ሥራ አልነበረም። እንቅልፍ ደግሞ እምቢ አለኝ። ከአሜሪካ ሲመጡ የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እንዲህ ናቸው። ሳሎን ቁጭ ብዬ ሳለ የወንድሜ ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። «አክስቴ፣ ፊልም ልክፈትልሽ?» ፍላሿ ላይ ካሉት ውስጥ «ሚት ጆ ብላክ»ን መረጠች። የፍቅር ፊልም ነው ብለዋት ነው።

ፊልሙ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ፣ ማርቲን ብረስት ያዘጋጀው፣ ሦስት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ። መነሻው በ1934 የተሠራ ሌላ ፊልም ነው፤ የዚያ መነሻ ደግሞ የጣሊያን ቲያትር። አንቶኒ ሆፕኪንስ የሚጫወተው አንድ ባለጸጋ 65ኛ ልደቱ ደርሷል። ሞት ሊወስደው ይመጣል። የሚመጣው ግን በመኪና ተገጭቶ የሞተ ወጣት ገላ ለብሶ ነው። ያን ወጣት የሚጫወተው ብራድ ፒት ነው። ሞት የሰው ኑሮ ምን እንደሚመስል ማየት አምሮታል። ስለዚህ ይዋዋላሉ። አንተ ኑሮን አሳየኝ፣ እኔ ለጊዜው አቆይሃለሁ። ከመሞት መሰንበት ነውና ሰውዬው ይስማማል። ሞት የሰውዬው ቤት ይገባል፣ የኦቾሎኒ ቅቤ በማንኪያ ይቀምሳል፣ ሐኪም የሆነችውን ትንሿን ልጁን ያፈቅራል።

ሲወጣ ብዙ ተቺዎች ረዘመ ብለው ነቅፈውታል። እኔ አልረዘመብኝም። እንዲያውም አንድ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ አስመለስኳት። ሰውዬው በልደቱ ማታ እንደሚሄድ ያውቃል። ከትልቋ ልጁ ጋር ያወራል። ከትንሿ እኩል እንዳልወደዳት ሁለቱም ያውቃሉ፣ ይህንኑ ያነሱታል፣ እሷ ግን ቂም የላትም። ከዚያ በልደቱ ማታ ትንሿን ልጁን አቅፎ ይደንሳል። ርችቱ ሰማይ ላይ ሲፈነዳ ከሞት ጋር ጎን ለጎን ድልድዩን ይሻገራል።

«አክስቴ፣ ለልጆቹ ለምንድነው የማይነግራቸው?» አለችኝ ልጅቷ።

መልስ አጣሁላት። እኛ ቤት የሆነው ተገላቢጦሹ ነው። ፊልሙ ላይ የሚሞተው ያውቃል፣ ልጆቹ አያውቁም። እኛ ቤት የታመመችው እንዳታውቅ ተብሎ ልጇ ብቻ አወቀ። ልጇ ያልኩት ወንድሜን ነው። እኔ አላወቅኩም።

ሐኪሙ ወንድሜን ወደ ኮሪደሩ አስወጥቶ ነው የነገረው። ካንሰር ነው፣ ጉበት ላይ ደርሷል፣ ከእንግዲህ ቤት ይዛችኋት ሂዱ። ለእሷ ምን ትላታለህ ብሎ የጠየቀው የለም። ወንድሜ ወደ ክፍሉ ተመልሶ «ጨጓራ ነው፣ ቅመም ተከልክለሻል» አላት። እሷም «እሺ» አለች። ለእኔ ደግሞ በስልክ «ጉንፋን ቢጤ ናት» ተባልኩ። «በቪዲዮ አሳዩኝ» ስል «ኔትወርክ የለም» ይሉኛል። ሦስት ወር ሙሉ ኔትወርክ የለም። አንድ ቀን ድምፅዋ ቀጥኖብኝ «እማዬ ምን ሆነሻል?» አልኳት። «ብርድ ነው የኔ እናት፣ ክረምቱ ከፍቷል» አለችኝ። እኔም አመንኩ።

ይህን ማመኔን የሚሰማ ሰው ሥራዬ ምን እንደሆነ ቢያውቅ ይገረማል። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማን በሚታገዙበት ሆስፒስ ነው የምሠራው። በየቀኑ የማጥበው፣ የማገላብጠው፣ ከንፈሩን በስፖንጅ የማረጥበው ሰው መዳን የማይችል ሰው ነው። እዚያ አገር በመንግሥቱ የአረጋውያን መድን፣ በሜዲኬር፣ ወደ ሆስፒስ ለመግባት በሽታው በተለመደው መንገዱ ከሄደ በሽተኛው ከ6 ወር በላይ እንደማይቆይ ሁለት ሐኪሞች መፈረም አለባቸው። ሰውየውም ፈውስ መፈለጌን ትቻለሁ፣ ሕመሜ ይታገስልኝ ብሎ ራሱ ይፈርማል። ሲነገረው ሰምቻለሁ። ሐኪሙ ወንበር ስቦ፣ ዓይኑን እያየ ነው የሚነግረው። መጀመሪያ ሰሞን ጨካኞች ይመስሉኝ ነበር። «ምን ዓይነት አገር ነው፣ ሰው ፊት ለፊት ትሞታለህ ይባላል?» ብዬ ማታ ማታ ለእናቴ እነግራት ነበር። እሷም «ወይ ጉድ» ትላለች።

እናቴ በታመመችበት ሰሞን የማስታምማት አንዲት አሮጊት ነበረች። ሳህኖቿን ሁሉ ገልብጣ ከሥራቸው ትንንሽ ወረቀት ለጥፋለች። ወረቀቱ ላይ የልጅ ልጆቿ ስም አለ። ሰማያዊው ጎድጓዳ ለዚህኛው፣ ዳሩ የተሸረፈው ለዚያችኛዋ። የተሸረፈው ለምን ለእሷ እንደሆነ ጠየቅኳት። በልጅነቷ የሸረፈችው እሷ ናት አለችኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን። ልጇ በየማታው መጥታ ከጎኗ ትተኛለች። ያወራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። አንድ ማታ ልጅቷ ስለ አንድ የድሮ ነገር ይቅርታ ስትጠይቃት በር ላይ ፎጣ ይዤ ቆሜ ሰማሁ። እናትየዋ እጇን አነሳችና ፀጉሯን ዳሰሰቻት። ፎጣውን እዚያው አስቀምጬ ወጣሁ።

ያ ማታ ረቡዕ ነበር። ከሥራ ስወጣ መኪና ውስጥ ሆኜ አዲስ አበባ ደወልኩ። እዚህ ነግቷል። «እማዬን አቅርቡልኝ» አልኩ። «ተኝታለች» አለኝ ወንድሜ። «አትቀስቅሳት እንግዲያው» አልኩት።

እናቴ የሞተችው የዚያው ሳምንት ሰኞ ነው። ማክሰኞ ተቀብራለች።

ዓርብ ስደውል ጠበል ሄዳለች ተባልኩ። እሑድ ጎህ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ኮሪደሩ ሰው ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ የንስሐ አባቴ ከፊት ቆመዋል። ማንም ምንም ከማለቱ በፊት ገባኝ። መርዶ እንዴት እንደሚረዳ ማን ያጣዋል? እኔም ስንቱን በር በሌሊት አንኳኩቻለሁ። ከመጡት መካከል ሐሙስ ማታ ቤቴ ቡና የጠጣች ጓደኛዬ ነበረች። ሐሙስ ታውቅ ነበር። ስኒውን እየተቀበለችኝ ታውቅ ነበር። በሥራ ቀን ብቻዋን እንዳትሰማ፣ እሑድ ይሁን ተብሎ ተመክሮበት ነው። በፍቅር ነው ያደረጉት። ግን ስድስት ቀን የሞተች እናቴን ደህና ናት ብዬ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ሳቅሁ። ሰልስቷ ወጥቶ እኔ ገና የአውደ ዓመት ልብሷን ዋጋ እጠይቅ ነበር። ይህን እስካሁን መዋጥ አልቻልኩም።

ስለ ለቅሶ ከሆነ አገሬን የሚስተካከል የለም። ይህንን ማንም አያስተምረኝም። የፒያሳ ሰፈራችን በ2016 ፈርሶ ጎረቤቱ ከተማው ዳር ዳር ተበትኗል። እናቴ ስትሞት ግን ሁሉም ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀያየረ መጥቶ ነበር አሉኝ። እድሩ ድንኳኑን ኮንዶሚኒየሙ መኪና ማቆሚያ ላይ ተከለ። ንፍሮ ተቀቀለ፣ ወጥ በየቤቱ ተሠርቶ መጣ፣ ሰው ፍራሽ ላይ አደረ። ወንድሜ ለብቻው የቀረበት አንድ ሰዓት አልነበረም። የዚያችን አሮጊት ቀብር ከሁለት ሳምንት በኋላ ሄጄ አየሁት። እኔን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰው ነበርን። ቡናና ኩኪስ ቀረበ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተበተንን። ልጅቷ በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባች። እኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ የቅርብ ዘመዱ ሲሞትበት ደመወዙ ሳይቆረጥ 3 የሥራ ቀን ያርፋል። እዚያ የግል ቀጣሪን ለሐዘን ፈቃድ ስጥ ብሎ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። ለዚህ ነው ፈረንጅ ብርቅ ነው የማልለው። ቀብሩ ቀዝቃዛ ነው። ልጅቷ ግን ይቅርታዋን ጠይቃ ነው የቀበረቻት።

እኔም የምጠይቀው ይቅርታ ነበረኝ። ስሄድ ተጣልተን ነው የሄድኩት። ምክንያቱ እዚህ አይጻፍም። በስልክ አይሆንም፣ ስመጣ እግሯ ላይ ወድቄ እላታለሁ እያልኩ አሥር ዓመት አሳለፍኩ። ሦስት ወር ቀራት ቢሉኝ በማግስቱ አውሮፕላን ላይ ነበርኩ። ትኬት መግዣ አላጣሁም። ፈቃድ ቢከለክሉኝ ሥራውን እለቅ ነበር። ለድንኳኑ፣ ለአርባዋ፣ ለሐውልቱ ገንዘብ ላኪ ተብዬ ልኬያለሁ። ለመሰናበቻው ግን ማንም አልጠራኝም።

በሙት ዓመቷ ዋዜማ ሳጥኗን ከፈትን። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት አብረውን ነበሩ፤ ለዚሁ ብለው ከሩቅ መጥተው አድረዋል። ከላይ የሐበሻ ቀሚሶቿ ናቸው። ከሥር የእድር ደብተሯ ወጣ። በየወሩ ተከፍሎ ማኅተም ተደርጎበታል። መጨረሻ ላይ ግን በአንድ ቀን የስድስት ወር ከፍላለች። ስድስት ማኅተም፣ አንድ ቀን። እናቴ ለማንኛውም ነገር ቀድማ የምትከፍል ሴት አልነበረችም። ቀኑን ሳየው ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቷ ነው።

«ታውቅ ነበር እኮ ልጄ» አሉኝ ጎረቤታችን። ኢየሩሳሌም የተሳለሙ ጊዜ ያመጡላትን መገነዣ ያን ሰሞን አስወጥታ በፀሐይ አናፍሳዋለች። ንስሐ ገብታ ቆርባለች። ለእሳቸው ብቻ «ልጆቼ እንዳይጨነቁ፣ በተለይ ያቺ ሰው አገር ያለችው» ብላቸዋለች።

ወንድሜ ሳጥኑ አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። ደብተሩን ከእጄ ወስዶ ብዙ አየው። እሱ ያስጨነቃት እንዳይሆን ይሸሽጋል። እሷ እሱ እንዳይጨነቅ ትሸሽጋለች። በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ሦስት ወር ሙሉ ስለ ጨጓራ ያወራሉ። ያቺ የፊልሙ ትልቋ ልጅ ያገኘችውን ያህል ወሬ እንኳ ሳያገኙ ተለያዩ። ወንድሜ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው። ድንኳኑ ውስጥ አላለቀሰም አሉኝ፤ ሰው ማስተናገድ ነበረበት።

በኋላ እንደሰማሁት አዲስ አበባ ውስጥም ቤት ድረስ እየመጡ ሕመም የሚያስታግሱ፣ ቤተሰቡንም የሚያነጋግሩ አሉ። ሆስፒስ ኢትዮጵያ ለምሳሌ ይህን ሥራ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ሆስፒስ ውስጥ የምሠራው ልጇ ይህን የሰማሁት ከሞተች በኋላ ነው። ወንድሜም ቢሆን ማንን ይጠይቅ? ለማንም እንዳይናገር ተመክሮ ነበር።

ከጸሎቱ በኋላ፣ ሰው ሲቀል፣ ከወንድሜ ጋር በእግራችን ወደ ፒያሳ ወጣን። ቤታችን የነበረበት ቦታ ሰፊ መንገድና መብራት ሆኗል። በሩ የት እንደነበር ተከራከርን። ልጅ ሆኜ እናቴ እዚሁ ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ ይዛኝ ትገባ ነበር። አያቴ ግን እስከ መጨረሻዋ ሲኒማን «ሰይጣን ቤት» እያለች ስለምትቆጣ ጊዮርጊስ ልንሳለም ነው ብለን ነበር የምንወጣው። መዋሸትም ከእናቴ ነው የተማርነው አልኩት። አልመለሰልኝም።

«ጋሼ» አልኩት። «አንተ ብትታመም ለእኔ ይነገረኝ። ያኑ ቀን። ሥራ ላይ ብሆንም፣ መኪና እየነዳሁ ብሆንም። ዳር ይዤ እሰማለሁ።»

ዝም ብሎ ብዙ ተራመደ። ጊዮርጊስ ስንደርስ ቆሞ አጥሩን ተሳለመ።

«እሺ» አለኝ። «ግን ብቻሽን ሆነሽ አይደለም። መጀመሪያ አንድ ሰው አጠገብሽ ይኑር።»