«ይሄማ እኛ ጋ አለ»

«ሜክሲኮ ነኝ» አልኩት፣ አዲስ አበባ ያለው ጓደኛዬ ሲደውልልኝ።

«በየት በኩል? የሳር ቤት ታክሲ መያዣው ጋ ጠብቀኝ፣ መጣሁ።»

ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ሳይሆን አገሩ ውስጥ መሆኔን እስካስረዳው ድረስ ጃኬቱን ለብሶ ነበር። አልፈርድበትም። አደባባዩ ስሙን ያገኘው፣ ጣሊያን ሲወረን ወረራውን አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ስለነበረች ነው። እነሱም በበኩላቸው ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አላቸው። እዚያም «ኢትዮጵያ ደርሻለሁ» ያለ ሰው «በየትኛው መውጫ?» ይባላል ማለት ነው።

የሄድኩት ለሠርግ ነው። የአክስቴ ልጅ ዩካታን በሚባለው የሜክሲኮ ክፍል፣ ሜሪዳ የምትባል ከተማ ውስጥ የአገሩን ልጅ አገባች። ሠርጉ አልቆ ዘመድ ሁሉ ወደየመጣበት ሲበተን ሦስት ሰዎች ቀረን፤ እኔ፣ ጋሼ እና የጋሼ ታላቅ እህት እትዬ። ሙሽሪት ሦስታችንን ቤቷ ቁጭ አድርጋ ማየት የሰለቻት መሰለኝ፣ የአንድ ቀን ጉብኝት ገዛችልን። ጠዋት የአካባቢው ጥንታዊ ሕዝብ የማያዎች ፍርስራሽ፣ ቀትር ላይ ቸኮሌት፣ ከሰዓት ዋና።

ጋሼን ላስተዋውቃችሁ። ሜሪላንድ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አሜሪካ አንዴ እንኳ አስደንቃቸው አታውቅም። ናያግራ ፏፏቴን አይተው «ጢስ ዓባይን በክረምት አላየኸውም» ያሉ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛ አይቸግራቸውም፤ ክርክር ግን የሚሆንላቸው በአማርኛ ነው። ስለዚህ እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። በነፃ።

አስጎብኚያችን ራሱ ማያ ነው። ሚኒባሱ ሳይነሳ ማይክሮፎኑን ይዞ ነገረን። «ቱሪስት ሁሉ ማያዎች የት ጠፉ ይለኛል። አልጠፋንም። አንዱ ይሄው ሹፌሩ አጠገብ ቆሟል፤ ሹፌሩም ሌላው ነው።» ከዚያ ስለ ቀን አቆጣጠራቸው ቀጠለ። የማያ ዓመት ሃያ ሃያ ቀን ያላቸው 18 ወሮች አሉት፤ መጨረሻ ላይ አምስት ትርፍ ቀን ይቀራል።

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሱ። «ጳጉሜ ናታ! ይሄማ እኛ ጋ አለ። ንገረው፣ እኛ 13 ወር ነው ያለን በለው።»

ነገርኩት።

«እኛ 19» አለ ልጁ፣ ፈገግ ብሎ።

ሚኒባሱ ውስጥ ጸጥታ ሆነ። ጋሼ ትንሽ አሰቡና «የኛ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ትሆናለች በለው» አሉ። ልጁ የነሱ እንደማትጨምር አመነ። አንድ ለአንድ። እነሱ ግን አምስቷን ቀን እንደ ክፉ ቀን ይቆጥሯት እንደነበር ሲናገር እትዬ አዘኑ። «ውይ፣ የሩፋኤልን ጠበል የሚያህል ነገር አምልጧቸው!»

በዚያው 2012 ላይ ዓለም ያልቃል ተብሎ የተወራውን አነሳ። ከማያ አቆጣጠር አንድ ትልቅ ዙር ተጠናቀቀ እንጂ ያለቀ ነገር የለም አለን። ጋሼ ለብቻቸው ሳቁ። «እኛማ ያኔ ገና 2005 ላይ ነበርን። ለሚያልቀው ዓለም ሰባት ዓመት ይቀረን ነበር።»

ፍርስራሹ ያለበት ኡሽማል ከሜሪዳ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ነው። ከበሩ ገብተን ጥቂት እንደተራመድን ከፊታችን ድንገት ቆመ፤ የጠንቋዩ ፒራሚድ። ወገቡ እንደሌላው ፒራሚድ ማዕዘን የለውም፣ ሞላላ ነው። ደረጃው አስፈሪ ነው፤ ደግነቱ መውጣት ክልክል ነው። ከሥሩ አንድ ክንድ የሚያህል ኢጓና የሚባል እንሽላሊት ፀሐይ ይሞቃል። እትዬ «ይሄ ነው ጠንቋዩ?» ብለው አማተቡ።

አስጎብኚው አፈ ታሪኩን ነገረን። አንዲት አሮጊት ከእንቁላል የተፈለፈለ ልጅ አሳደገች። ልጁ ድንክ ሆኖ ቀረ። ንጉሡ «በአንድ ሌሊት ቤት ሥራ፣ አለዚያ ትሞታለህ» አለው። ሲነጋ ፒራሚዱ ቆሞ ተገኘ። ከዚያ ደግሞ ጠንካራ የዘንባባ ፍሬ አናት ላይ በመስበር ተወዳደሩ። አሮጊቷ ልጇን ፀጉሩ ሥር የድንጋይ ቆብ ደብቃለት ስለነበር የተሰበረው የንጉሡ ጭንቅላት ሆነ።

«የእናት ነገር» አሉ እትዬ።

ጋሼ ግን «በአንድ ሌሊት» የምትለዋ ላይ ቀርተዋል። «ይሄማ እኛ ጋ አለ። ላሊበላን በቀን ሰው ይሠራል፣ በሌሊት መላእክት ይሠራሉ በለው።»

ልጁ አዳመጠና «እናንተ በሁለት ፈረቃ ነዋ! የኛ አንድ ሰው፣ አንድ ሌሊት ነው» አለ። አርኪዮሎጂስቶች ፒራሚዱ በአምስት ደረጃ፣ በረጅም ዘመን የተሠራ መሆኑን ማረጋገጣቸውን በኋላ ነው ቀስ ብሎ የነገረን። ፉክክሩን ካሸነፈ በኋላ።

«ቁመቱ ስንት ነው?» አሉ ጋሼ።

«35 ሜትር ገደማ።»

«የአክሱም ትልቁ ሐውልት 33 ነው።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ ወረደ። «ግን አንድ ወጥ ድንጋይ ነው በለው! አንድ ድንጋይ!»

ልጁ በእውነት ተደነቀ። «አንድ ድንጋይ? 33 ሜትር ቆሞ?»

ጋሼ አዩኝ። እኔ ጋሼን አየሁ። «ወድቋል በለው» አሉ፤ «ግን የወደቀውም አንድ ድንጋይ ነው።»

ከዚያ ወደ «መነኮሳይት ግቢ» ተሻገርን። ስሙን ስተረጉም እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ስሙን ያወጡት ስፔኖች መሆናቸውን፣ ክፍሎቹ ተደርድረው ሲያዩ ገዳም መስሏቸው እንጂ አንዲት መነኩሲት ኖራበት እንደማታውቅ ስነግራቸው አንዱ ጫማ እጃቸው ላይ ነው። «እና እስካሁን ያላረሙት?» ብለው ተቆጡ።

እኔን ኡሽማል ላይ የያዘኝ የግድግዳው ነገር ነው። ባለ ረጅም ቆልማማ አፍንጫ የዝናብ አምላክ ቻክ በየማዕዘኑ ተቀርጿል። አንዱ ላይ አንዱ ተደራርቦ፣ መቶ ጊዜ፣ ከዚያም በላይ። ለምን ቢባል አካባቢው ወንዝ የለውም። ዝናቡ ኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ ይገባና ይጠፋል። ስለዚህ መሬት ውስጥ የጠርሙስ ቅርጽ ያለው ጉድጓድ ቆፍረው፣ ለስነው፣ የክረምቱን ውሃ ያጠራቅሙ ነበር። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው ይህ አይጠፋውም። እናቴ ግድግዳ ላይ ቅርጽ ማውጣት ብትችል ኖሮ ቤታችን ዙሪያውን ጀሪካን ይሆን ነበር።

ለነገሩ ቻክ ዛሬም አይቀልዱበትም። በየካቲት 1975 እ.ኤ.አ. የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ የኡሽማልን የድምፅና የብርሃን ትርኢት ሊመርቁ መጥተው ነበር። ለቻክ የሚደርሰው ጸሎት በድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ፣ በዚያ በበጋ እንግዶቹ ላይ ዶፍ ወረደባቸው ይባላል። ጋሼ ይህን ሰምተው ዝም አሉ። ሰማዩን ግን አየት አደረጉ።

ከፍርስራሹ ፊት ለፊት ቸኮሌት የሚሠራበት ፍሬ፣ የካካዎ ሙዚየም አለ። ጉዞው ላይ ብዙ የጠበቅኩት እዚህ ነበር፤ ግን የተጠበቅነው እኛ ሆንን።

አንዲት ሴት ከሸክላ ምጣድ አጠገብ ተቀምጣ ካካዎ ትቆላለች። ፊቷ ባለ ሦስት እግር የድንጋይ ወፍጮ አለ፣ ላዩ ላይ መጅ። እትዬ ቀጥ ብለው ቆሙ። ሠላሳ ዓመት ያላዩትን ዘመድ ያዩ ይመስሉ ነበር። «ወፍጮ! ከነመጁ!» ይህንን እኔም ልክድ አልቻልኩም፤ ይሄማ እኛ ጋ አለ።

ሴትየዋ በማያ ቋንቋ አንድ ነገር አለች። እትዬ በአማርኛ መለሱ። አስተርጓሚ የፈለገ አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ እትዬ ተንበርክከው እየፈጩ ነው፤ ሴትየዋ ደግሞ ወገቧን ይዛ ታያለች። ካካዎ ሲፈጭ ዱቄት አይሆንም። ቅባቱ ይወጣና ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ሊጥ ይሆናል። እትዬ በጣታቸው ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ። «ስኳር የለውም እንዴ?»

ድሮ አልነበረውም። ማያዎች ቸኮሌትን የሚጠጡት መራራውን፣ ሚጥሚጣ የመሰለ በርበሬ ጨምረው፣ ከፍ ካለ ዕቃ ወደ ዝቅተኛው እያንቆረቆሩ አረፋ አስነስተው ነው። ስኳሩ ከስፔኖች ጋር መጣ።

የተቆላው የመጨረሻው ምጣድ ሲወርድ ደግሞ እትዬ የማይቀረውን አደረጉ። ጭሱ እንደያዘ ተቀብለው ተነሱና ለእንግዶቹ ማዞር ጀመሩ። ጀርመኖቹ ባልና ሚስት የጉብኝቱ አካል መስሏቸው በሁለት እጃቸው ጭሱን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ። ባልየው አስጎብኚውን «ይህ ጥንታዊ የማያ ሥርዓት ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ ልጁ።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። እትዬ ሲኒው ሲቀርብላቸው ቆም አሉ። «ወተት አለው?» የለውም፣ በውሃ ነው። «የጾም ነዋ!» ብለው ግጥም አደረጉት። ሳያውቁት የትልቅ ክርክር ወገን ሆኑ። ቸኮሌት ጾም ይገድፋል አይገድፍም በሚለው ላይ የካቶሊክ ሊቃውንት ለረጅም ዘመን ተሟግተዋል፤ በ1636 እ.ኤ.አ. በዚሁ ጉዳይ ላይ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ታትሟል። በኋላ አንድ ካርዲናል «ፈሳሽ ጾም አይገድፍም» ብለው ጻፉ። እትዬ በአንድ ጥያቄ ጨረሱት።

ካካዎ ገንዘብም ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን ማዕከላዊ ሜክሲኮ ውስጥ አንዲት ጥሩ ሴት ተርኪ 100 ፍሬ ታወጣ ነበር። ጋሼ ወዲያው «አሞሌ ጨው!» አሉ። እውነታቸውን ነው። እነሱ ብራቸውን ይጠጡ ነበር፣ እኛ ብራችንን ወጥ ውስጥ እንጨምር ነበር። ልጁ ቀጠለ፤ አጭበርባሪዎች የካካዎውን ቅርፊት ባዶ አድርገው ጭቃ ይሞሉበት ነበር አለ። ጋሼ በለመደ አፋቸው «ይሄማ እኛ ጋ…» ብለው ጀመሩና የሸክላ ዱቄት የተቀላቀለበት በርበሬ ትዝ አላቸው መሰል፣ «ተወው፣ አትተርጉመው» አሉኝ።

እኔ ሲኒዬን ይዤ ሌላ ነገር አስብ ነበር። ካካዎ የአሜሪካ አህጉር ዛፍ ነው፤ ዛሬ ከዓለም ካካዎ ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከምዕራብ አፍሪካ ነው። ቡና የኛ ነው፤ እዚሁ ሜክሲኮ ውስጥ ቺያፓስ ተራራ ላይ ይለቀማል። ዕቃ ተዋውሰን ሳንመላለስ የቀረን ጎረቤቶች ነን።

ምሳ ላይ ብዙ አልቆይም። በቅጠል የተጠቀለለ ትልቅ ነገር መጣ። እትዬ «ኮባ! ድፎ ዳቦ!» ብለው ራሳቸው ፈቱት። በቀይ ቅመም የታሸ፣ መሬት ውስጥ የበሰለ የአሳማ ሥጋ ነበር። ባቄላና ቂጣ በላን።

ወደ ዋናው ስንሄድ ጋሼ ተነቃቅተው ነበር። «እኔ ዓባይን ያቋረጥኩ ልጅ ነኝ።»

«በታንኳ» አሉ እትዬ፣ በመስኮት እያዩ።

ሴኖቴ ማለት የዋሻ ጣሪያ ሲደረመስ የሚፈጠር የውሃ ጉድጓድ ነው። ዩካታን በሴኖቴ የተወጋች ናት። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዳይኖሰሮችን የጨረሰው ግዙፍ የጠፈር ድንጋይ የወደቀው እዚሁ ነው፤ ድንጋዩ የፈጠረውን ጉድጓድ ጠርዝ ተከትለው ሴኖቴዎች በግማሽ ክብ ተደርድረዋል። ጋሼ «ጉድጓድ ከሆነማ ቢሾፍቱ ሙሉ ነው» አሉ። ገና አላዩትም።

መግቢያው ላይ ደንብ አለ። መጀመሪያ ሻወር፣ ቅባት የተቀባ አይገባም፣ ላይፍ ጃኬት ግዴታ። ጠባቂው እትዬ አጠገብ ሲደርስ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገ። የሠርጉ የፀጉር ቅቤ ነው። እትዬ ግን የመጡት ለዋና አልነበረም። ማያዎች ለሥርዓታቸው ሰው ያልነካው ንጹሕ ውሃ ከሴኖቴ ይቀዱ እንደነበር ከልጁ ሰምተዋል፤ ከቦርሳቸው ባዶ ሃይላንድ አውጥተው ተዘጋጅተዋል።

የእንጨት ደረጃውን ወረድን። ከላይ የሰማይ ክብ፣ ከጎን ዓለት፣ እንደ ገመድ የተንጠለጠለ የዛፍ ሥር። ከታች ሰማያዊ ውሃ። ታቹ አይታይም። ጋሼ ብርቱካን ቀለም ያለው ላይፍ ጃኬት ለብሰው መሰላሉ ላይ ቆሙ።

«ስንት ሜትር ነው በለው።»

«አትንገረው» አሉ እትዬ።

እኔ የምስቅበት አንደበት የለኝም። ስምንት ክፍለ ጊዜ የዋና ትምህርት ከፍዬ የተማርኩት በጀርባ መንሳፈፍ ብቻ ነው። ገብቼ ተንሳፈፍኩ። ጋሼ በደቂቃ አንድ ደረጃ እየወረዱ ነው። ውሃው ጉልበታቸው ጋ ሲደርስ ትንንሽ ዓሣዎች እግራቸውን ለቀም ለቀም አደረጓቸው። የጮሁት ጩኸት ዋሻው ውስጥ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። ያኔ እትዬ ከላይ፣ ከሞሉት ሃይላንድ፣ «በስመ አብ!» ብለው ማጅራታቸው ላይ ቸለሱባቸው። ጋሼ እጃቸውን ለቀቁ።

ብቅ ሲሉ ከገመዱ አጠገብ ተንጋለው ነበር። ላይፍ ጃኬቱ ይዟቸዋል። ዓይናቸው ወደ ላይ፣ ሰማዩ ላይ። አንዲት ወፍ ከዓለቱ ቀዳዳ ወጥታ በላያቸው አለፈች። ድምፅ የለም። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ አራት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ዝም ብለው አይቻቸው አላውቅም።

አስጎብኚያችን ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቃት የነበረችውን ጥያቄ ጣላት። «ይሄስ? እናንተ ጋ አለ?»

ተረጎምኩላቸው።

ጋሼ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ ማለት ይቻላል፣ «አታናግሩኝ» አሉ። «ስወጣ እመልስለታለሁ።»