«ወያኔ ዛፍ» ማለት ይቅር?

በአዋሽ ዳር አፋርን የወረረው እሾሃምና ባለ ቢጫ አበባ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ በሰው አፍ «ወያኔ ዛፍ» ይባላል። ስሙ ይቀየር ወይ?

የሥነ ሕይወት መምህር፣ አዲስ አበባ
ይቀየር። ተክሉ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው፤ የወለደው ፓርቲ የለም። አፋር የገባውም በደርግ ዘመን፣ በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ነው። ሳይንስ የሰጠው ስም ማንንም አያስቀይምም፤ ትርጉሙም ያምራል፦ ጁሊፍሎራ፣ የጁላይ አበባ።

የልማት ሠራተኛ፣ ገዋኔ
የጁላይ አበባ? ከየት አገኙት፣ መምህር? ላቲኑ «ዩሉስ» ነው፤ እንደ ጅራት የተንጠለጠለ የአበባ ዘለላ። ገዋኔ ብቅ ቢሉ ጣት የሚያህል ቢጫ ጅራት ንብ ወሮት ያዩ ነበር። አፋሩ መጀመሪያ «ደርጊ ሐራ» አለው፣ የደርግ ዛፍ። መስፋፋቱ ሲብስ በጊዜው ገዢ ጠራው። ይህ ዘመን መቁጠር እንጂ ስድብ አይደለም።

መምህሩ
አንድ ቃል ብስት ክርክሬ አይፈርስም። ዘመን መቁጠር ከሆነ ዓመተ ምሕረቱን ይጻፉበት! «ይህ ወያኔ ይነቀል፣ ይቃጠል» ሲባል፣ ዛፍ ተክሎ የማያውቅ የትግራይ ልጅ አጠገብዎ ቆሞ ይሰማል። ኬንያ ውስጥም «ማቴንጌ» ይሉታል፤ የሰው ስም ነው። የስሙ ሞክሼ ሁሉ ከአረም ጋር ሲጠራ ይኖራል።

ሠራተኛው
አንድ ቃል! የሚሟገቱለት ስም እኮ ነው። ለዚያውም ሳይንሱ ራሱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 «ፕሮሶፒስ»ን ትቶ «ኔልቱማ» ብሎታል፤ አልሰሙም መሰለኝ። ኬንያን ካነሡ ደግሞ ይጨርሱት። የባሪንጎ አርብቶ አደሮች ጥርሷ የረገፈ ፍየል ይዘው ናይሮቢ ፍርድ ቤት የቆሙት ስሙ ከፍቷቸው ነው? ፍሬው ጣፋጭ ነው፣ ጥርስ ይጨርሳል። የከሰሱትም መንግሥትን ነው።

መምህሩ
ስለ ልጁ ዝም አሉ። ይሁን። እኔ የምለው፣ በጠላት ስም የተጠራ ዛፍ ማንም ጥቅሙን አይፈልግለትም። ከሰሉ ጥሩ ነው፤ ፍሬው ከተፈጨ መኖ ይሆናል።

ሠራተኛው
ከስም ወደ ከሰል ወረድን! ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ፍሬውን ሳይፈጭ የበላ ከብት ደግሞ ዘሩን በእበቱ እያዳረሰ ይሄዳል፤ የጁላይ አበባዎ የሚዘራው እንዲህ ነው። ይህን የምጽፈው እግሬን ጀሪካን ላይ ሰቅዬ ነው። እሾሁ ሺዳዬን በስቶ ተረከዜ ውስጥ ተሰብሮ ነበር። በመርፌ ያወጡልኝ አፋር ሽማግሌ ብርሃን ላይ ይዘው ስሙን ጠሩት። ኔልቱማ አላሉትም።

መምህሩ
እግዜር ይማርዎ። የልጁን ነገር ግን አሁንም አልመለሱልኝም።