በርሜሉ ሲገለበጥ የት ነበርን?

የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ተቆጥቼ ነው። ላለሳልሰውም አልፈልግም።

ነገሩ የውሃ ነው። ከሰማይ በነጻ የወረደ፣ በገዛ ገንዘባችን በተሠራ ኮንክሪት ላይ ያረፈ፣ በቱቦ ተሰብስቦ እግራችን ሥር ድረስ የመጣ ውሃ። ክረምት በመጣ ቁጥር እሱን አስፋልት ላይ ስንደፋው እንኖራለን። መድፋቱ ሳያንስ፣ አልደፋም ብለው ያጠራቀሙ አንዲት እናት ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ዘረፍናቸው። "ዘረፏቸው" አላልኩም። ለምን እንደሆነ ስትሰሙት ይገባችኋል።

ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው መንገድ ቀላል ባቡሩ በምሰሶ ላይ ነው የሚሄደው። በሜክሲኮና በልደታ መካከል፣ ከአንዱ ምሰሶ ጀርባ አንድ ግቢ አለ። ሰባት አባወራ ይኖርበታል። መጸዳጃ ቤቱ አንድ ነው። ቧንቧው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው፣ እሱም ከመጣ። እዚያ ግቢ የሰው ልብስ እያጠቡ የሚተዳደሩ እናት አሉ። ስማቸውን አልጠራም፣ እማማ ልበላቸው።

ባለፈው ክረምት እማማ አንድ ነገር አስተዋሉ። ዝናብ በጣለ ቁጥር በምሰሶው በኩል የሚወርደው ቱቦ ውሃውን መንገዱ ላይ ይተፋዋል። የቧንቧ ሥራ የሚሞካክር የጎረቤት ልጅ አለ። እሱን ጠሩና ከቱቦው ጫፍ ላይ የታጠፈ ቁራጭ አስቀጠሉ። ሥሩ ሰማያዊ በርሜል አስጠጉ። አፉ ላይ ያረጀ ነጠላ ደራርበው በገመድ አሰሩት፣ ቅጠልና ጠጠር እንዳይገባ። ሲሞላ የሚተርፈው ወደ ሁለተኛ በርሜል እንዲሻገር አደረጉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰባቱ አባወራ በዚያ ውሃ መጸዳጃ ቤታቸውን አጸዱ፣ ወለል ወለወሉ፣ እማማም ጭቃ የበላ ልብስ የመጀመሪያውን ዙር በሱ አጠቡ። ለመጠጥና ለምግብ ግን አይነኩትም።

አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ጠየቅኳቸው። "መጀመሪያ የሚወርደውን አልይዝም ልጄ" አሉኝ። "ሀዲዱ ይታጠብበት። ሲጠራ ነው በርሜሉን የማስጠጋው።" ይህን ማንም አላስተማራቸውም። መሐንዲሶቹም የሚሉት ይኼንኑ ነው። ሀዲድ ላይ የፍሬን ብናኝ አለ፣ ዝገት አለ፣ ግራሶ አለ፣ የወፍ ኩስ አለ። የመጀመሪያው ውሃ ያንን ጠርጎ ይውረድና ይደፋል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ይጠራቀማል።

ነሐሴ ውስጥ ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥቷል። የታክሲው ሰልፍ ረጅም ነው፤ እኔም ተሰልፌያለሁ። ሁለት ጎረምሶች መጡ። አልተጣደፉም። አንደኛው ነጠላውን ፈቶ ወረወረው። ሁለቱም በርሜሎች ጢም ብለው ሞልተዋል። ገፍተው ገለበጧቸው። ውሃው በእግራችን መሃል አለፈ። እግራችንን አነሳን፤ ሌላ ያነሳነው ነገር የለም። ሁለተኛው ልጅ ቱቦውን ከምሰሶው ጋር የያዙትን ብረቶች አንድ በአንድ ፈለቀቀና ማዳበሪያ ውስጥ ከተታቸው። ለቆራሌ መሆኑ ነው። ቱቦው ተገንጥሎ ወደቀ።

እማማ ድምፁን ሰምተው በባዶ እግራቸው ወጡ። እጃቸው እስከ ክርናቸው የሳሙና አረፋ ነው። "ልጆቼ ያዙልኝ! በርሜሌን ያዙልኝ!" አሉ። የጠሩት ሌቦቹን አይደለም፣ እኛን ነው። ሰልፉን። ማንም ንቅንቅ አላለም። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ። ከኋላዬ የቆመ፣ ሱፍ የለበሰ ሰው "ቱቦው የመንግሥት፣ ውሃው የመንግሥት፣ እሳቸውን ምን አስጨነቃቸው?" አለ። የሳቁም ነበሩ። ጎረምሶቹ በርሜሎቹን እያንከባለሉ ሄዱ። ታክሲ መጣ። ተሳፈርን።

ሌቦቹን ይቅር ማለት እችላለሁ። ምናልባት ርቧቸዋል። ያንን ንግግርና ያንን ሳቅ ግን ይቅር ማለት አቃተኝ። የእኔንም ዝምታ ጨምሮ።

በማግስቱ ደግሞ ዘነበ። ቱቦ የለም። ውሃው ከላይ ቀጥ ብሎ ተሰላፊው ላይ ተደፋ። ያው ሰልፍ ነው፣ ከትናንቱ ብዙዎቹ እዚያው ነበሩ። ሰዉ እየሮጠ "ይሄ ባቡር የሚሉት ጣጣ!" እያለ ተራገመ። እማማ ደግሞ በዚያው ዝናብ ውስጥ ጀሪካን ይዘው ውሃ ሊገዙ ሲሄዱ አየኋቸው። ዝናብ እየደበደባቸው ውሃ ሊገዙ! የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለውን ተረት እንደ ቀልድ የምትደጋግሙት ሁሉ ያን ዕለት እዚያ ብትኖሩ ምን ትሉ ነበር?

"የመንግሥት ነው" ላልከኝ ሰው አሁን ልመልስልህ፤ ያን ቀን አልመለስኩልህም። ባቡሩ መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ከዚህ ውስጥ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተወሰደ ብድር ነው። ብድሩን መንግሥት የሚባል አንድ ሀብታም ሰውዬ ከኪሱ አይከፍለውም። አንተ ትከፍላለህ። እማማም በሳሙና ዋጋ ላይ በሚከፍሉት ግብር ይከፍላሉ። ስለዚህ ምሰሶው የሳቸውም ነው። ቱቦውም የሳቸው ነው። የባቡሩን ኬብል ሳይቀር እየቆረጡ የሚሸጡት "የመንግሥት ነው" የሚለውን ካንተና ከኔ ተምረው ነው።

ደግሞ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። እስቲ እናስላው። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ አንድ ሊትር ውሃ ነው። የሀዲዱን ድልድይ ስፋት ስምንት ሜትር ብቻ እንበልና 100 ሜትር ርዝመት እንውሰድ። 800 ካሬ ሜትር ይሆናል። በሐምሌ አንድ ከባድ ዝናብ 30 ሚሊሜትር ቢጥል 24,000 ሊትር ወረደ ማለት ነው። ከአምስት አንድ እጁን ለሚፈሰውና ለመጀመሪያው እጥበት ብንተወው እንኳ 19,000 ሊትር ይተርፋል። ሁለት ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 950 ገደማ ነው። ይሄ የአንድ ከሰዓት ዝናብ ነው። ከተማችን በዓመት ወደ 1,200 ሚሊሜትር ታገኛለች። ስለዚህ ያው 100 ሜትር በዓመት ከ750,000 ሊትር በላይ ሊሰጥ ይችላል። ከስታዲየም እስከ ልደታ ስንት 100 ሜትር እንዳለ እናንተው ቁጠሩት።

አዎ፣ የሐምሌ ውሃ ሚያዝያ አይደርስም። ለዚያ ትልቅ ገንዳ ያስፈልጋል፤ ገንዳ ደግሞ ቦታም ብርም ይፈልጋል። አውቃለሁ። ነገር ግን ቧንቧው በክረምትም ይጠፋል እኮ! በእነዚያ ወራት ለመጸዳጃ፣ ለመኪና እጥበት፣ ለግንባታ የሚሆነውን ከሀዲዱ ብናገኝ፣ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ተጣርቶ፣ ክሎሪን ገብቶበት የሚመጣው ውሃ ለሚጠጣ ሰው ይተርፍ ነበር። ከምሰሶዎቹ ሥር መንገዱን የሚያጥለቀልቀው ጎርፍም ይቀንስ ነበር። የህንዶቹ ከተሞች ዴልሂና ቤንጋሉሩ ከፍ ብሎ ከሚሄደው የሜትሮ ባቡር መስመራቸው ዝናብ ይሰበስባሉ። ውሃው በቱቦ ወርዶ ታች በተሠራለት ጉድጓድ ውስጥ ይጣራል፣ ወደ መሬት ይሰርጋል ወይም ይጠራቀማል። የተለየ ጥበብ የለበትም። እማማ በነጠላና በበርሜል ሠርተውት ነበር።

ሲናደድ የነበረ ልቤ እዚህ ላይ ሲደርስ ያዝናል። እኛ እንዲህ አልነበርንም። ሰኔ ሲገባ የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ሲሰማ ሰፈሩ ሁሉ ይሯሯጥ ነበር። ሳፋ፣ ባልዲ፣ ድስት፣ ያለው ሁሉ አሸንዳ ሥር ይደረደራል። ጎረቤት ሥራ ላይ ከሆነ የሱን ሳፋ ሌላው ያወጣለታል። ሲሞላ ይቀይርለታል። ማታ መጥቶ "ተባረኩ" ብሎ ይወስዳል። የዚያ ሰፈር ልጆች ነን ዛሬ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን የሰው በርሜል ሲገለበጥ ያየነው። መቼ ነው እንዲህ የሆንነው? የቱ ጋ ነው የተለያየነው?

የመኪና እጥበት ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሀዲዱ ሥር ተቀምጣችሁ በሚጠጣ ውሃ ጎማ ታጥባላችሁ። ነውር ነው። መሐንዲሶች ሆይ፣ ቀጣዩን መስመር ስትነድፉ ከእያንዳንዱ ምሰሶ ሥር ማጠራቀሚያ የማትስሉ ከሆነ ከእማማ ተማሩ። ቆራሌዎች፣ ከየት እንደመጣ ሳትጠይቁ ብረት አትግዙ። ይህን ብያለሁ፤ ብዙ ሰው ይሰማኛል ብዬ ግን አልጠብቅም። ስንት ጊዜ ተባለ፣ ስንት ጊዜ ተረሳ።

ደክሞኛል፣ ግን ተስፋዬን ጨርሼ አልጣልኩም። ባለፈው ሳምንት ግቢው ሄጄ ነበር። ያ የቧንቧ ልጅ ቱቦውን እንደገና ልሥራው እያለ ነው፤ በዚህ ጊዜ በብረት ሳይሆን በሽቦ ሊያስረው አስቧል፣ ቆራሌ እንዳይፈልገው። የምሰሶው ባለቤት የሆነውን መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ፈቃድ እንጠይቅ ተባብለን ጽፈናል፤ መልስ እየጠበቅን ነው። እማማ መጀመሪያ "ይቅርብኝ፣ ደግሞ ይወስዱታል" አሉ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው "ሁለት በርሜል ካገኛችሁ ግን ነጠላ አለኝ" አሉ።

ሰኔ ሊገባ ነው። ሁለት በርሜልና ስድስት ሜትር ቱቦ እንፈልጋለን። ያላችሁ አምጡ። የሌላችሁ ደግሞ እዚያ ታክሲ ስትጠብቁ ዓይናችሁን ምሰሶው ላይ ጣሉልን፤ የሚነካካ ካያችሁም ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።