አንበሳውን ለማየት ትኬት የቆረጠው ማነው?

ሴሲል ዲሚል መንፈሳዊ ፊልም ሠሪ ነበር የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 ያወጣውን «የመስቀሉ ምልክት» አንዴ ቢያየው ጥሩ ነው። በሩ ላይ መስቀል ሰቅሎ ውስጥ ጠጅ ቤት የከፈተ ሰው ነው የሚመስለው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 64 ነው፤ ሮም እየነደደች ነው። ኔሮን ቄሣር ክራር ቢጤ ይዞ ከሰገነት ላይ እሳቱን ያያል። ሕዝቡ ማጉረምረም ሲጀምር ጥፋቱን ክርስቲያኖች ላይ ያላክካል። የከተማዋ ሹም ማርከስ መርሲያ የምትባል ክርስቲያን ይወዳል። የኔሮን ሚስት ፖፔያ ደግሞ ማርከስን ትመኘዋለች። የቀረውን ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ችግሩ የፊልሙ ጻድቃን አሰልቺ መሆናቸው ነው። መርሲያ ከገባችበት ጀምሮ ዓይኗ ሰማይ ላይ ነው። ማኅበረ ምእመናኑ ተሰብስቦ ይዘምራል፣ ይያዛል፣ ይታሰራል። ስማቸውን እንኳ ለመያዝ ያስቸግራል። ኃጢአተኞቹ ግን! ክላውዴት ኮልበርት ፖፔያን ሆና በአህያ ወተት በተሞላ ገንዳ ውስጥ ተዘፍቃ ወሬ ትሰልቃለች። ድመቶች ከገንዳው ዳር ወተቱን ይልሳሉ። ወዳጇ ትኩስ ወሬ ይዛ ስትመጣ፣ ልብስሽን አውልቂና ገብተሽ አውሪኝ ትላታለች። ቻርለስ ላውተን የሠራው ኔሮን ደግሞ ሌሊቱን ሲጠጣ ያደረ ወፍራም ሕፃን ነው። ራሱን እየፈለጠው እንኳ የሰው ነፍስ ላይ ይፈርዳል። ዲሚል ልቡ የት እንዳለ ካሜራው ያሳብቅበታል።

እኛ ስንክሳርና ገድል ስንሰማ ያደግን ሰዎች ስቃይ ሲተረክ አዲስ አይሆንብንም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ገድል ምን ያስቀራል? አጥንቱ ተፈጭቶ ይድራስ ተራራ ላይ ተበትኗል። ግን ገድሉ ከሰማዕቱ ጎን አይለይም። ምን አለ፣ እንዴት ጸለየ፣ ለንጉሡ ምን ብሎ መለሰ፣ ይሄን ነው የምትሰሙት። ዲሚል ጋ ተገላቢጦሽ ነው። ሰማዕቱ ዝም ይላል፣ ንጉሡ ያወራል።

ነገሩ ከገበያ ጋር ይያያዛል። ዘመኑ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት የተመታችበት ነበር። ዲሚልም ድምፅ ያለው ፊልም ከመጣ ወዲህ አልቀናውም። ወደ ፓራማውንት ፊልም ኩባንያ ሲመለስ የተሰጠው በጀት ወደ 700 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፤ ለዲሚል ይሄ የኪስ ገንዘብ ነበር። ስለዚህ የሚያውቀውን ዘዴ አወጣ። ተመልካቹን ኃጢአት አሳይተህ መጨረሻ ላይ ንስሐ ስታስገባው፣ ደስ ብሎትም ኅሊናው ሳይወቅሰውም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የካቶሊክ ካህናት በጣም ተቆጡ። የሆሊውድ ሥነ ምግባር ተቆጣጣሪ የነበረው ዊል ሄይስ ፊልሙ ውስጥ ስላለው «የራቁት ጨረቃ» ስለተባለው ጭፈራ ምን ልታደርግ ነው ብሎ ሲጠይቀው፣ ዲሚል ምንም አላደርግም አለው። እ.ኤ.አ. በ1934 ሳንሱሩ ሲጠብቅ ለዚያ ካበቁት ፊልሞች አንዱ ይሄ ነበር።

እኔ ግን ሰዎቹ የተቆጡት በማይረባው ነው እላለሁ። ጭፈራው ምንም አይደል። የፊልሙ ትልቁ ነገር መጨረሻው አካባቢ ያለው የትርኢት ሜዳ ነው። አዞዎች ወደ ታሰረች ሴት ይሳባሉ። ዝሆን የሰው ጭንቅላት ላይ እግሩን ያነሣል። እና ዲሚል በየመሃሉ ካሜራውን ወደ ሜዳው ተመልካች ያዞራል። አንዷ በደስታ ፈዛ ታያለች። ሌላው ሰልችቶታል። ሌላዋ ፊቷን ታዞራለች። ሲኒማ ቤት ትኬት ቆርጦ የተቀመጠ ሰው እዚያ መሃል ራሱን ያገኘዋል። ዲሚል ይሄን አስቦበት ይሁን ሳያስበው ግድ የለኝም፤ የፊልሙ እውነተኛ ስብከት እሱ ነው።

ታሪክ ጸሐፊው ታኪተስ ስለዚያ ስደት ሲጽፍ ክርስቲያኖቹ የአውሬ ቆዳ ለብሰው ለውሻ እንደተሰጡ፣ ሲመሽም በኔሮን አትክልት ቦታ እንደ መብራት እንደተቃጠሉ ይናገራል። ታኪተስ ክርስቲያኖችን አይወድም። ሆኖም ሕዝቡ በመጨረሻ አዘነላቸው ይላል። የዲሚል ሕዝብ ግን አያዝንም፤ የሚቀጥለውን ትርኢት ይጠብቃል። የቱ ለሰው ልጅ ይቀርባል ብትሉኝ መልሱን እንጃ።

እ.ኤ.አ. በ1944 ፓራማውንት ፊልሙን መልሶ አወጣው። ኔሮንን ከሂትለር ጋር ለማመሳሰል፣ ሮም ላይ የሚበሩ ቦምብ ጣዮችንና የጦር ሠራዊት ካህናትን የሚያሳይ መግቢያ ተቀጠለበት። ጭፈራውና የሜዳው ጭካኔ ተቆረጠ። አስተማሪ ይሆናል የተባለው ነገር ሁሉ ፊልሙ ውስጥ ቆየ፤ የተቆረጠው ግን ካህናቱ የተቆጡበት ብቻ ሳይሆን እኛን የሚያስደነግጠንም ነው። ደግነቱ ቆይቶ ሙሉው ቅጂ ታደሰ። ማየት የሚፈልግ እሱን ፈልጎ ይይ። ልጆች ካሉ ግን ከተኙ በኋላ።