«እንግሊዝ ገዝቶን ቢሆን ኖሮ» ለምትሉ ወገኖቼ

ባለፈው ታክሲ ውስጥ ነው። መንገዱ ተዘጋግቶ ቁጭ ብለናል። ከኋላ አንድ ጎልማሳ «ኧረ እንግሊዝ ገዝቶን ቢሆን ይሄኔ እንደ ህንድ በባቡር እንንፈላሰስ ነበር» አለ። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እስካሁን ስለሚያበሽቀኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ወገኖቼ፣ እስቲ ስለዚያ ባቡር እናውራ። የመጀመሪያው በ1853 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከቦምቤይ ታኔ ድረስ 34 ኪሎ ሜትር ሄደ። ሐዲዱን የዘረጉት የእንግሊዝ ኩባንያዎች አተረፉም አላተረፉ ባወጡት ገንዘብ ላይ በዓመት 5 በመቶ የትርፍ ዋስትና ነበራቸው። የጎደለውን የሚሞላው ማን ነው? ግብር የሚከፍለው የህንድ ገበሬ ነዋ! እሱ ራሱ ሲሳፈር ሦስተኛ ማዕረግ ታጭቆ ነበር የሚሄደው።

ጨውስ? ባሕሩ ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው፣ ፀሐይ ያደረቀችውን ጨው ቢያነሳ ወንጀለኛ ነበር። ጋንዲ በ1930 ከሳባርማቲ ባሕር ዳር እስካለችው ዳንዲ ድረስ 24 ቀን በእግሩ ተጉዞ፣ ጎንበስ ብሎ ጭቃ የነካው ጨው አነሳ። እፍኝ የማትሞላ ጨው! በዚያ ሰበብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው እስር ቤት ገባ። በ1943 ቤንጋል ውስጥ በረሃብ ያለቀው ወደ 3 ሚሊዮን ይገመታል። ሐዲዱ ያኔም ነበረ።

«ከዚያ በፊትስ ሙስሊም ነገሥታት ገዝተዋቸው የለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ሙጋል የሚባሉት ነገሥታትም በ1526 በጦር ነው የገቡት፣ ቅዱሳንም አልነበሩም። ከእነሱ አንዱ አክባር ሙስሊም ባልሆነው ላይ የተጣለውን ጂዝያ የሚባል ግብር በ1564 ቢያነሳ፣ የልጅ ልጁ ልጅ አውራንግዜብ በ1679 መልሶ ጫነው። ግን እዚያው ወለዱ፣ እዚያው ተቀበሩ፣ የሰበሰቡት ግብርም ባመዛኙ እዚያው ቀረ። የእንግሊዙ ሹም ግን ጡረታው ሳይቀር ከህንድ ግብር እየተቆረጠ አገሩ ድረስ ይላክለት ነበር።

እነዚያን ሙጋሎች ደግሞ ደቡብ ላይ ለዓመታት እንቅልፍ የነሳቸው ማን ይመስላችኋል? ማሊክ አምባር፣ ከእኛው አገር በባርነት ተሸጦ ሄዶ እዚያ የጦር መሪ የሆነ ልጅ! በ1626 እስኪሞት ድረስ አልተንበረከከላቸውም። የቆረቆራት ከተማ በኋላ በአውራንግዜብ ስም ተጠራች። እሱን ትተን የሰው ሐዲድ እንቆጥራለን።

መቅደላንም እንዳትረሱ። በ1868 ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው ጦር ዋና መነሻው ለንደን ሳይሆን ቦምቤይ ነበር፣ ዝሆኖቹም ጭምር። አብዛኛው ወታደር ህንዳዊ ነው፤ መደበኛ ደሞዙም የተከፈለው ከህንድ ግምጃ ቤት ነው። በማያውቁት ተራራ፣ በገዛ አገራቸው ግብር፣ ምንም ካላደረጋቸው ሰው ጋር ሊዋጉ መጡ። ያ ታክሲ ውስጥ ያለው ወንድሜ ይሄን ካነበበ አንድ ነገር ይመልስልኝ፦ እኛንም ገዝተውን ቢሆን ኖሮ፣ ልጆቻችንን በማን ላይ ያዘምቱብን ነበር?